መምህር ወልዴ አበባውና መቅድሙ ያልተነበበው መጽሐፍ

ከመርሳ፣ ከውርጌሳ፣ ከሐራ፣ ከወልድያ፣ ከደሴም ድረስ ሥራችሁን አቋርጣችሁ አፈር ልታለብሱ የመጣችሁ ወገኖች፣ ደግሞም አስከሬኑን ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተሸክማችሁ አሁን ከአጥሩ ውጭ በዋርካው ጥላ የቆማችሁ ሙስሊም ወንድሞቻችን፣ ትከሻችሁን አይንሳን። ይህን የሟቹን ዜና ሕይወት ጽፎ የሚያነብላችሁ የባለቤታቸው የወይዘሮ ጥሩወርቅ ታናሽ ወንድም ደጀን ነው። ደጀን ዕድሜውን በደሴና በወልድያ መካከል አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ እንጂ የቅኔ ሰው ስላልሆነ ቃሉ ቢሻክርባችሁ ቻሉት። የሟቹ ልጅ ሩት «አጎቴ፣ ይህን እንኳ አውጣው» ያለችው ብዙ ነገር ነበረ፤ አላወጣውም። ሰው በቀብሩ ቀን እንኳ እውነቱ ካልተነገረለት መቼ ሊነገርለት ነው? የገዛ እኅቱንም አንቱ እያለ ለመጥራት ምላሱ እሺ ስላላለው ጥሩወርቅ እያለ ያነባል፤ እሷም ፈቅዳለታለች።

መምህር ወልዴ አበባው ይማም ከአባታቸው ከመሪጌታ አበባው ይማምና ከእናታቸው ከወይዘሮ አንጓች በ1946 ዓ.ም. በሐብሩ ወረዳ ከውርጌሳ በላይ፣ የአገሩ ሰው ቀይ ገደል ከሚለው ተራራ ማዶ ባለች መንደር ተወለዱ። የአያታቸውን ስም ሰምቶ «ለመሆኑ እስላም ናችሁ ክርስቲያን?» የሚል የሌላ አገር ሰው ሲገጥማቸው «የወሎ ሰው ነኝ» ብለው ይስቁ ነበር። አባታቸው ቁም ጸሐፊ ስለነበሩ፣ ብራና ፍቀውና ቀለም በጥብጠው ለአካባቢው ካህናት ዳዊት ይጽፉ ነበርና፣ ወልዴ ፊደል የለዩት ከአባታቸው የእጅ ጽሕፈት ላይ ነው። የመሪጌታ ፊደል ወደ ግራ ዘንበል ያለ ስለነበረ ያየ ሁሉ የማን እጅ እንደሆነ ሳይጠይቅ ያውቀው ነበር። ነገር ግን መሪጌታ አበባው ልጃቸው ዳዊት ሳይደግም በወረርሽኝ አረፉ። አባት ለልጅ በጎልማሳነቱ የሚነግረው የአገር ወግና ምሥጢር ሁሉ አብሮ ተቀበረ፤ ወይዘሮ አንጓችም ልጃቸውን ይዘው ወደ ዘመዶቻቸው ወደ መርሳ ወረዱ።

ወልዴ የቀለም ትምህርታቸውን በመርሳ ጀምረው ሁለተኛ ደረጃን በወልድያ ካጠናቀቁ በኋላ መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው፣ በ1968 ዓ.ም. የታሪክና የጂኦግራፊ መምህር ሆነው እዚያው ባደጉበት በመርሳ ተመደቡ። እዚህ ከቆማችሁት ውስጥ ግማሻችሁን አስተምረዋል፤ ጆሮውን ያልተቆነጠጠ ካለ እጁን ያውጣ። ጂኦግራፊ በጥቁር ሰሌዳ አይገባም ብለው ተማሪውን ሁሉ ኮረብታ ላይ እያወጡ ሸለቆውን በጣታቸው ያስቆጥሩ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የሚወዱት የጥንት ተጓዦች የጻፉትን ነበር። ከሦስትና ከአራት መቶ ዓመት በፊት በመርከብና በበቅሎ ወደ አገራችን መጥተው፣ ወይም መጣን ብለው፣ ያዩትንና የሰሙትን በመጽሐፍ ያሳተሙ የውጭ አገር መነኮሳትና ነጋዴዎች የጻፉትን እያነበቡ ሳቅም ቁጣም ይይዛቸው ነበር። «አገራችንን ሌላ ሰው ሲያያት ምን እንደምትመስል ካላወቃችሁ ምኑን አወቃችኋት?» ይሉ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ጥሩወርቅ ያን ጊዜም እንደዛሬው ከአትክልቷ ብርቱካንና ማንጎ እየለቀመች መርሳ ገበያ የምታወጣ፣ ከነጋዴ ጋር ተከራክራ የማትሸነፍ ሴት ነበረች። የእነሱን ፍቅር ማወቅ የፈለገ ሰው ሲበሉ ማየት ይበቃው ነበር። መምህር ከትምህርት ቤት መጥተው እሷ ገበያ ከቆየች፣ ሆዳቸው እየጮኸ፣ ወጡ እየቀዘቀዘ፣ እስክትመጣ ይጠብቋታል እንጂ ብቻቸውን አይቆርሱም። ያጎርሷታል፣ ታጎርሳቸዋለች። «ወልዴ ያለ ሚስቱ እጅ አይውጥም» እየተባሉ ሲታሙ ይሰማሉ፤ ይስቃሉ፤ ደጀንም ራሱ በዚህ ሲያሾፍባቸው ኖሯል። ከዚህ ትዳር በ1975 ዓ.ም. ያሬድን፣ በ1978 ዓ.ም. ሩትን ወለዱ።

ያሬድ ረጅም፣ ሳቂታና ደፋር ሆኖ አደገ። የመብራት መስመር ሠራተኛ ሆኖ ምሰሶ ላይ ሲወጣ የመንደሩ አሮጊቶች ከታች ሆነው ያማትቡለት ነበር፤ እሱ ግን ቀበቶውን ታጥቆ ከላይ ሆኖ ሰላም ይላቸዋል። አባቱን ከልክ በላይ ይወድ ነበር። መምህር የተናገሩትን ሁሉ እውነት ነው ብሎ ከመቀበል በቀር አንድም ቀን ተከራክሯቸው አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው መምህር ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ በሄዱበት ጊዜ ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከአራት መቶ ዓመት በፊት አንድ የባዕድ አገር መነኩሴ የጻፈውና ኋላ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ የጉዞ መጽሐፍ አገኙ። መነኩሴው በሐበሻ ምድር በአንድ ተራራ ውስጥ ነገሥታት የሸሸጓቸው ከጥንት ዘመን ወዲህ ማንም ያላያቸው ቅዱሳት መጻሕፍት እንዳሉ፣ ከነዚህም መካከል አብርሃም በገዛ እጁ የጻፈው እንደሚገኝ ያትታል። ሄኖክንም ከጠፉት መጻሕፍት ቆጥሮታል። ጉድ እኮ ነው! ሄኖክን ዲያቆኑ ሁሉ እያነበበው እኛ መቼ ጣልነው? ፈረንጅ ጠፋ ሲል ከእሱ ቤት ጠፋ ማለቱ ነው። መምህርም በዚህ ስቀው ነበር፤ ዳሩ ግን «ሄኖክ ከእኛ ዘንድ ከተገኘ የቀረውስ የማይገኝበት ምን ምክንያት አለ?» የሚል ሐሳብ ገባባቸው። ስለ ተራራው የሚናገረውን ምዕራፍ ብቻ ፎቶ ኮፒ አስነሥተው ወደ መርሳ ተመለሱ። መቅድሙን አላስነሡም። መቅድም የአሳታሚ ወሬ ነው፣ ዝለሉት፣ ብለው ለተማሪዎቻቸውም ይመክሩ ነበር።

ምዕራፉ እንደሚለው ተራራው ደሴት ካላት ሐይቅ በስተሰሜን ሆኖ ፀሐይ ስትወጣ ይቀላል፤ ወገቡ ላይ ዋሻ፣ እግሩ ሥር ምንጭ አለው። መምህር ይህን ባነበቡ ጊዜ ቀይ ገደል ነው አሉ። ወገኖቼ፣ በወሎ ፀሐይ ስትወጣ የማይቀላ ገደል የትኛው ነው? ይሁንና ቀይ ገደል በእርግጥም ወገቡ ላይ ዋሻ አለው፤ ሽማግሌዎችም ስለዚያ ዋሻ ሲጠየቁ ወሬ ይለውጣሉ። ልጅ ወደዚያ ዝር እንዲል አይፈቅዱም፤ ለምን ሲባሉ መልስ የላቸውም። መምህር ይህን ዝምታ እንደ ማስረጃ ቆጠሩት፤ የሚደበቅ ነገር ከሌለ ለምን ይደበቃል አሉ። አባታቸው በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ በሁለት ቃል ይመልሱላቸው ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አሁን በዋርካው ሥር በምርኩዛቸው ቆመው የሚሰሙን ሼህ ጀብሪል ነበሩ። መምህር ወደ ቤታቸው ሄደው ምዕራፉን እየተረጎሙ ቢያነቡላቸው ሼህ ጀብሪል ፊታቸው ተለዋወጠ። «መምህር፣ በአላህ ይሁንብዎ ተዉት። እዚያ እርስዎ የሚፈልጉት ነገር የለም» አሉ። ከዚህ ያለፈ ቃል ግን አልወጣቸውም። ጥሩወርቅም ወሬውን ሰምታ «አፈር ስሆንልህ ተው ወልዴ፤ መጽሐፍ ካማረህ ቤታችን ሞልቶ የለም ወይ?» ብላ ለመነቻቸው። ያሬድ ግን «እማዬ፣ ይህ እኮ ከምሰሶ አይበልጥም» ብሎ አቀፋት፤ በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ሊላክለት ታስቦ ነበርና ስለ ሠርጉ እያወራ አስረሳት።

በ1998 ዓ.ም. ጥር ወር፣ መኸሩ ከገባ በኋላ፣ መምህር ወልዴና ያሬድ ሦስት ጎረቤቶችን ይዘው ወደ ቀይ ገደል አናት ወጡ። ያሬድ የሥራ ቀበቶውን ታጠቀ፤ ገመዱን ከወይራ ግንድ ላይ አዙረው መምህር ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ ሆነው ያዙለት። ወረደ። ዋሻው ውስጥም ገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድምፁ ከሥር ተሰማ፤ «አባባ! መጽሐፍ ነው! ዋሻው ሙሉ መጽሐፍ ነው!» አለ። መምህር በጉልበታቸው ተንበርክከው ምድርን ሳሙ። ከዚያ ወረቀትና ብራና በጋቢው ቋጥሮ በጀርባው አዝሎ መውጣት ጀመረ፤ ገመዱም የገደሉን ስለታም ጫፍ እየታከከ ወጣ። ጎረቤቶቹ እንደሚናገሩት ከአናቱ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ገመዱ ተበጠሰ። የቀረው ገመድ በመምህር እጅ ላይ ነበር፤ መዳፋቸውን ከፍቶ ሊያስለቅቃቸው የቻለ ሰው አልነበረም።

ያሬድን ያወጡት ከምንጩ አጠገብ ነው። ጀርባው ላይ የታዘለው ጋቢ ሳይፈታ ተገኘ። ሲፈቱት ከውስጡ የወጣው የአብርሃም መጽሐፍ አይደለም። አይጥ የበላው የዳዊት ቅጠል ነው፤ ጠርዙ ያለቀ የቁርአን ገጽ ነው፤ ዝናብ ያጠፋው ድርሳን፣ ሕፃናት ተምረውበት ያለቀ የፊደል ገበታ፣ የተሰነጠቀ የመድረሳ ሰሌዳ ነው። ከዳዊቱ ቅጠሎች አንዱ ፊደሉ ወደ ግራ ዘንበል ያለ ነበር። መምህር ያን ባዩ ጊዜ ቅጠሉን ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ። የገዛ አባታቸው ጽሕፈት ነበረ።

ነገሩ የተገለጠው በሰባተኛው ቀን ነው። ሼህ ጀብሪል በለቅሶው መካከል መጥተው ከመምህር እግር ሥር ወደቁ፤ ሰው ሁሉ እየሰማም ተናገሩ። በዚያ አገር ያረጀ ቃለ እግዚአብሔር አይቃጠልም፣ አይጣልም። እስላሙም ክርስቲያኑም ያለቀበትን መጽሐፍ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ለተመረጡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ለአንድ ሙስሊምና ለአንድ ክርስቲያን፣ ያስረክባል፤ እነሱም በዋሻው ያሳርፉታል። ክታብ ሻጮች እየመጡ እንዳይመነትፉት፣ እግርም እንዳይረግጠው፣ ሁለቱ ቦታውን ለሚስታቸው እንኳ ላይናገሩ ይምላሉ። በአንድ ወቅት ከሁለቱ አንዱ መሪጌታ አበባው ነበሩ። «መንገድ አለው ጌታዬ» አሉ ሼህ ጀብሪል እያለቀሱ፤ «በጓሮው በኩል፣ በቁልቋሉ ሥር፣ እኔ ሽማግሌው በዚህ ምርኩዝ የምሄድበት መንገድ አለው። ገመድ አያሻውም ነበር። መሐላዬ አፌን ያዘኝ እንጂ አንዲት ቃል ብናገር ይህ ልጅ አይሞትም ነበር። ያ አላህ!» መምህር ግን ከመሬት አንሥተው አቀፏቸው። «እርስዎማ ተው ብለውኝ ነበር» አሏቸው። ሼህ ጀብሪል ከዚያ ወዲህ መምህርን ሳይጠይቁ ያለፉበት ሳምንት የለም፤ ዛሬም የቀብሩን ጉድጓድ ያስቆፈሩት የእሳቸው ልጆች ናቸው።

ሩት ያን ጊዜ አዲስ አበባ ተማሪ ነበረች። ወንድሟን ቀብራ ስትመለስ ያን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍቱ አውጥታ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበችው። መቅድሙ ላይ፣ ገና በሁለተኛው ገጽ፣ ጸሐፊው መነኩሴ ሐበሻ የሚባል አገር በእግሩ ረግጦ እንደማያውቅ፣ ከገዳሙ ሳይወጣ አንድ መንገደኛ ያወራለትን በራሱ ምናብ እያስፋፋ እንደጻፈው በግልጽ ተመልክቷል። ሩት ይህን ለአባቷ ልንገር ወይስ ሆድ ይፍጀው ብላ ብዙ ጊዜ ከራሷ ጋር ተሟግታ በመጨረሻ ነገረቻቸው። መምህርም «መቅድሙን ዝለሉት ያልኩ እኔ ነኝ» አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት ከዚያ በኋላ በክፍል ውስጥ አንሥተው አያውቁም፤ ተማሪም ሲጠቅሰው ፊታቸውን ወደ መስኮት ያዞሩ ነበር።

አሁን ሩት አውጣው ያለችው ጋ ደርሰናል። ጥሩወርቅ ከልጇ ሞት በኋላ ከባሏ አልተፋታችም፤ አልሰደበቻቸውም፤ ቤቱንም ጥላ አልወጣችም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሳቸው ጋር በአንድ ማዕድ አልቀረበችም። የእሳቸውን በትሪ ታቀርባለች፤ እጃቸውን ታስታጥባለች፤ የራሷን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች። በፋሲካ እንደዚያ፣ በገና እንደዚያ፣ በሩት ሠርግ እንኳ እንደዚያ። መምህር መጀመሪያ ላይ ሳይበሉ እየጠበቁ ብዙ ጊዜ በረሃብ ዋሉ፤ እሷ ግን አልመጣችም። በመጨረሻ የነፍስ አባታቸውና ሼህ ጀብሪል ሽማግሌ ሆነው ገቡ፤ ደጀንም ከነሱ ጋር ነበረ። ጥሩወርቅ አክብራ ተቀብላቸው እንዲህ አለች፦ «እኔ ከወልዴ ጋር አልተጣላሁም፤ አልተቀየምኩትምም። ልብሱን አጥባለሁ፣ ቢታመም አስታምማለሁ፣ ቢሞት አለቅሳለሁ። እጄ ግን ከእጁ ጋር በአንድ ማዕድ ላይ አይገናኝም። ያ እጅ የልጄን ገመድ የያዘ እጅ ነው። ወላድ ይፍረደኝ!» ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም። መምህር በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር።

መምህር ወልዴ እስከ ጡረታቸው፣ ከጡረታም በኋላ፣ ከዚያ ከተሸሸገው መጽሐፍ ወሬ ጋር ሲዋጉ ኖሩ። ወሬው ግን አልሞተም፤ ጭራሽ «አንድ ልጅ ሊያወጣው ሲል ሞቶበታል» የሚል ተጨምሮበት የበለጠ አማለለ። ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም የጠፋውን መጽሐፍ የሚፈልጉ ሰዎች መርሳ ሲወርዱ የባጃጅ ልጆች ለመምህር ይደውላሉ፤ እሳቸውም ኮታቸውን ደርበው ይወጣሉ። «ስለ መጽሐፉ ነው? እኔ አውቀዋለሁ፤ ኑ፣ ምሳ በልተን እንጨዋወት» ብለው ምግብ ቤት ያስገቧቸዋል። ከበሉ በኋላ የያሬድን ፎቶግራፍ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያኖሩታል። «ይህ ልጄ ነው። እናንተን ያመጣው ወሬ የበላው እሱን ነው» ይላሉ። ሰምቶ የተመለሰ ብዙ ነው፤ አንዱን አልሰማም ባይ በገደሉ መንገድ ላይ ተቀምጠው «ረግጠኸኝ እለፍ» ብለው መልሰውታል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በእነዚያ ዓመታት መምህር ከሰው ጋር ቀርበው የሚበሉት ከነዚህ መንገደኞች ጋር ብቻ ነበር።

ጦርነቱ መርሳ በደረሰ ጊዜ ሩት ከአዲስ አበባ እየደወለች ውጡ ብላ ብታለቅስ ሁለቱም እምቢ አሉ። ጥሩወርቅ «ያሬድን ለማን ጥዬ?» አለች። መምህርም በሌላ ቀን፣ እሷ ያለችውን ሳያውቁ፣ ያንኑ ቃል ለሩት ነገሯት። ስልኩም ከዚያ በኋላ ተቋረጠ። ገበያ ተዘግቶ፣ ወፍጮ ቆሞ፣ አገሩ ሲርበው ሁለቱ በአንድ ቤት ከረሙ። ያለቻቸውን አንድ እፍኝ ቆሎ እንኳ ጥሩወርቅ በሁለት ሳህን ትከፍላት ነበር፤ ከሁለቱም የሚበዛው የእሳቸው እንደነበረ ጎረቤት ይመሰክራል። ቢሆንም ለየብቻ በሉ።

ባለፉት ሁለት ዓመታት መምህር አእምሯቸው እየደከመ መጣ። መጀመሪያ የተማሪ ስም፣ ቀጥሎ የመንገድ አቅጣጫ፣ ቀጥሎም ዓመተ ምሕረቱ ጠፋባቸው። ሩት ደሴና አዲስ አበባ ወስዳ ብታሳክማቸውም ሐኪሞቹ የሚድን አይደለም አሉ። ከሁሉ የከፋው የያሬድን ሞት መርሳታቸው ነው። ምሳ ሲቀርብላቸው «ያሬድ ከሥራ ሳይመጣ አልቆርስም» ብለው እጃቸውን ይሰበስባሉ። ጥሩወርቅ ሁለት ጊዜ እውነቱን ነገረቻቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ገና አሁን መርዶ እንደተነገረው ሰው ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ፤ ማግሥቱን ግን ደግሞ ያሬድን ጠየቁ። ከዚያ በኋላ መንገሯን ተወች። እሳቸውም አልበላ አሉ፤ ከስተው አጥንታቸው ወጣ።

ደጀን ለጥየቃ የሄደበት አንድ ቀን ነው። ጥሩወርቅ ትሪውን አቅርባ ብትለምን፣ ሩት ከስልኩ ሆና ብትለምን፣ እሱም ቢቆጣ መምህር አፋቸውን አልከፍት አሉ። «ልጁ ሳይበላ?» ይላሉ፣ ዐይናቸው በሩ ላይ ነው። ጥሩወርቅ ማስታጠቢያውን አመጣች። ከዚያ እጃቸውን አስታጠበች። እንደልማዷ ወደ ጓዳ ትገባለች ብሎ ደጀን መንገድ ሲለቅላት የራሷንም እጅ ታጠበችና ከትሪው ፊት ለፊት ተቀመጠች። «ያሬድ በልቶ ወጥቷል። ና እኛ እንብላ» አለች። ቆርሳም አጎረሰቻቸው። ጎረሱ። ደስ ብሏቸው እያላመጡ፣ በዚያው እጃቸው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ በሩ ዘረጉ፤ «ይቺ ለያሬድ ትቀመጥለት» አሉ። ጥሩወርቅ አፏን ከፍታ ያቺን ጉርሻ ከእጃቸው ጎረሰች። ዕንባዋ እየወረደ አላመጠች፤ ዋጠችም። ደጀን ከዚያ በኋላ ያለውን አላየም፤ ወደ ብርቱካኑ ወጥቶ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ከዚያን ቀን አንሥቶ ጉሮሯቸው ምግብ አልቀበልም እስኪል ድረስ በየቀኑ ከአንድ ማዕድ በሉ። መምህር ግን ምን እንደተደረገላቸው አላወቁም። ለእሳቸው ሚስታቸው አንድም ቀን ከማዕዳቸው ተለይታ አታውቅም ነበር፤ ይቅር የሚባል በደል እንዳለባቸውም ረስተዋል። ያን ሁሉ ዘመን ሲጠብቁት የኖሩት ነገር ሲመጣ ተቀባዩ ሰውዬ በአእምሮ አልነበሩም። ወየው! ትናንት ረፋድ ላይ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ጭንቅላታቸው በጥሩወርቅ ጭን ላይ እንዳለ፣ አረፉ። የሚቀበሩትም ከልጃቸው ከያሬድ ጎን ነው።

መምህር ወልዴ አበባው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩወርቅን፣ ልጃቸውን ሩትን፣ የልጅ ልጃቸውን ቃልኪዳንን፣ ወዳጃቸውን ሼህ ጀብሪልን፣ ጆሯቸውን የቆነጠጧቸውን የሐብሩንና የወልድያን ልጆች ሁሉ ትተው ሄደዋል። የአብርሃም አምላክ በአብርሃም ዕቅፍ ያኑራቸው፤ የተሰበረውን ይጠግን፣ የተረሳውን ያስታውስ፤ ለእኛም ለቀሪዎቹ መጽናናቱን ያድለን። አሜን።

አንድ ነገር ቀርቷል። ጥሩወርቅ ዛሬ ጠዋት ደጀንን ጠርታ፣ በቁሙ ሳለ ልቡ ሳይሰማው ቀርቷልና ሳጥኑ ሳይወርድ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብለህ አንብብልኝ ያለችው ቃል እነሆ፦

«ወልዴ፣ በሽማግሌዎች ፊት አልተቀየምኩም ያልኩት ውሸቴን ነበር። ተቀይሜህ ነበር። አሁን ከልቤ ይቅር ብዬሃለሁ። አንተም ያን ሁሉ ዓመት ብቻህን ስላስበላሁህ ይቅር በለኝ። ልጃችንን ስታገኘው ስለ እኔ ሳመው።»